ሜዳ ወጥቷል

መካነ ሰላም ውስጥ ሽንት ቤቱ የሞላበት፣ ቦዩ የተደፈነበት፣ ርብራቡ የበሰበሰበት ሰው ሁሉ የሚያስጠራው ሽንት ቤት ጠጋኙን ውበቱን ነበር። ጉድ የሚያሰኘው ግን በውበቱ በራሱ ግቢ ሽንት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅበታል። «አያ ውበቱ፣ የሰው ጉድጓድ ስትምስ ኖረህ የራስህን ረሳኸው?» ይሉታል። እሱም መልስ አያጣም። «ቀኑን ሙሉ የናንተን ሳሸት ውዬ ማታ ደግሞ የራሴን ላሽት? ተዉኝ እባካችሁ!» ይላል።

ሚስቱ ብዙዬም በነገሩ አልገፋችበትም። ሁለቱም የአቀስታ ደጋ ሰዎች ናቸው። ደገኛ ሲነጋ ሜዳ ይወጣል እንጂ ከቤቱ ጥግ ጉድጓድ ላይ አይቀመጥም። «እገሌ ሜዳ ወጣ» ከተባለ ሊጸዳዳ ሄደ ማለት ነው፤ ጨዋ ሰው ከዚያ በላይ አይጠይቅም፣ የተጠየቀም አይመልስም። ከቤታቸው በታች ፈፋው አለ፣ ቁጥቋጦው አለ፤ ምን ጎደለና!

ወደዚህ ከተማ የጣላቸው የስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ነው። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፣ ቀጥሎ ጎተራው ተጠረገ፣ ከዚያ ሰዉ ራሱ ይረግፍ ጀመር። ውበቱና ብዙዬ ሦስት ልጆች ይዘው ከቤታቸው ወጡ። ሁለቱን ሴቶች ልጆች መንገድ ላይ ቀበሯቸው፤ መቅበር ከተባለ፣ ድንጋይ ነው የከመሩባቸው። እዚህ ከተማ የረሃብተኛ መጠለያው ሲደርሱ የቀረላቸው ወንዱ ልጃቸው ስማቸው ብቻ ነበር። እዚያም ሰው በተቅማጥ እንደ ቅጠል ሲረግፍ ጉድጓድ የሚቆፍር ጠፋ። ጉልበት ያለው የለማ! ውበቱ ዶማ አነሳ። አንዱን ጉድጓድ ለመጸዳጃ፣ ሌላውን ለሬሳ እየቆፈረ ያንን ዓመት ወጣው፤ ቀኑ ሲያልፍም ሙያው አብሮት ቀረ። የከተማው ሰው ሥራውን ይፈልገዋል፤ እጁን ግን አይጨብጠውም፣ ጠላ ቢሰጠውም ለብቻው በተቀመጠ ጣሳ ነው። ውበቱ ምን ቸገረው! ስማቸው ተማሪ ቤት ገብቷል፣ ጎበዝ ነው ተብሏል። «ይሄ ልጅ ብቻ ይቁምልኝ፤ ሌላው ሁሉ ይቅር» ይል ነበር።

አብዮቱ መጣ። ግራዝማች አድማሴ የሚባሉት የአገሩ ባላባት ቤታቸውን ጥለው ጠፉ፤ የድንጋይ ቤታቸው መጀመሪያ ጽሕፈት ቤት፣ ኋላ እስር ቤት ሆነ። ዘማች ተማሪዎችም ከአዲስ አበባ መጥተው ሰዉን ሁሉ «ሽንት ቤት ቆፍሩ» ሲሉ ከረሙ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ምናለ የአገሩ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር እንጂ። ለበላይ አካል «በቀበሌዬ ሽንት ቤት የሌለው ቤት የለም» ብሎ ነግሮ ተመሰገነ። ከዚያ በየቤቱ እየዞረ «ሰው መጥቶ ሲጠይቃችሁ፣ በዘመቻው ጊዜ ነው የቆፈርነው በሉ። ሌላ ቃል እንዳትጨምሩ! ብታዋርዱኝ እናንተም አትተርፉም፣ እኔም አልተርፍ» አላቸው። ብዙዬ ቃሉን እንደ ውዳሴ ማርያም አጠናችው።

ዘመቻው ካለፈ በኋላ፣ በሰባው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ መንግሥትን የሚሰድብ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ ነበር፤ መነጽር የሚያደርግ፣ ሲናገር የማይጮህ፣ ወጣት ሰው። ከፍ ከፍ ያለ ክፍል የደረሱትን ተማሪዎች ከየቤታቸው ይለቅም ጀመር። ውበቱ ለሥራ በወጣበት ማለዳ፣ ካድሬው ቸኮል የሚባል የጎረቤቱ አገር የከላላ ልጅ የሆነ ታጣቂ አስከትሎ ብዙዬ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ስማቸው የሚባለው ልጅሽ የታለ?»

ብዙዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «የለም ጌታዬ።»

«የት ሄደ?»

«ሜዳ ወጥቷል።»

ካድሬው ዘወር ብሎ ታጣቂውን አየው። ከዚያ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ «ከማን ጋር?» አላት።

ብዙዬ ፊቷ ቀላ። ምን ዓይነት ስድ ነው ይሄ! «ኧረ በወላዲቷ! ለብቻው ነው እንጂ! ሜዳ ደግሞ ከሰው ጋር ይወጣል እንዴ?»

«ብዙ ጊዜ ይወጣል?»

«እንደ ማንኛውም ሰው ነዋ ጌታዬ።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ሲጨርስ ነዋ!» አለች፣ አሁንስ በሽቃ።

ለካድሬው ሜዳ ማለት ሌላ ነው። እሱ በመጣበት አገር፣ በፖለቲካ ሰዎች አፍ፣ «ሜዳ ወጣ» ከተባለ ልጁ ጠመንጃ ይዞ መንግሥትን ሊወጋ በረሃ ገባ ማለት ነው። እናቲቱ በገዛ አፏ የመሰከረች መሰለው። ታጣቂው ቸኮል ግን የአገር ልጅ ነው፤ ነገሩ ገብቶታል። ከንፈሩ ለሳቅ ከፈት ብሎ ነበር፤ ካድሬው ሲያየው ጊዜ መልሶ ገጠመው። አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበር? ግን በዚያ ዘመን ማን ለማን ተነፈሰ!

ይሄኔ ስማቸው ቀበቶውን እያጠበቀ ከፈፋው ብቅ አለ። መንገዱ ላይ ያዙት። ብዙዬ እየጮኸች እስከ ገበያው ዳር ተከተለቻቸው፤ ቸኮል በሰደፍ መለሳት።

ሌሎቹ ተማሪዎች ተገርፈው፣ ተጠይቀው፣ አንድ በአንድ ተለቀቁ። ስማቸው አልተለቀቀም። ለምን እንደሆነ ውበቱም ብዙዬም አያውቁም። ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ፣ ስንቁን ይቀበሏቸዋል፣ ልጁን ግን አያሳዩአቸውም።

በዚያው ሰሞን የእስር ቤቱ ሽንት ቤት ርብራብ በሰበሰና ውበቱ ተጠራ። ልጄን አያለሁ ብሎ ልቡ እየዘለለ ሄደ። እስረኛውን ሁሉ ወደ ውስጥ ከተው፣ በር ዘግተው አሠሩት። አሮጌውን ግንድ አንስቶ አዲስ ባሕር ዛፍ ረበረበ፣ ጭቃ መረገ። አሮጌውን ጣለው አሉት። ከውስጡ ጤነኛ ጤነኛውን መርጦ ወደ ቤቱ ተሸከመ። ለማገዶ ይሆናል ብሎ ነው።

ቤት ሲደርስ ብዙዬን ከጓሮ ዶማ ይዛ አገኛት። በምትቆፍረው ጉድጓድ እስከ ጉልበቷ ገብታለች። መዳፏ ተልጦ ደም በደም ሆኗል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት?»

«ሜዳ ባይወጣ ኖሮ መንገድ ላይ አይዙትም ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ጓሮ ቢሆን ኖሮ ድምፃቸውን ሰምቶ ባጥሩ ዘሎ ያመልጥ ነበር። ሲፈታ ሁለተኛ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ወላሂ አይወጣም!»

የሆነው ሆኗል ቢላት የሚሻላት መስሎ ለውበቱ አልታየውም። ዶማውን ከእጇ ወስዶ ገባ። የግራዝማች ቤት ይመስል አሳምሮ ቆፈረው። ያመጣውን አሮጌ ግንድ ረበረበበት፤ ከፈረሰ ማዕድ ቤት ጥላሸት የጠጣ ሣር አምጥቶ ከደነው። ጎርፍ እንዳይገባበት በላዩ ቦይ ቀደደ፣ አፈሩን ጓሮው ላይ በትኖ አመድ ነሰነሰ። ላየው ሰው ሲኖር የኖረ ነገር መሰለ።

«እስቲ መርቂው» አላት እንደ መቀለድ ብሎ።

«አይሆንም! ማንም እንዳይቀመጥበት። ልጄ ነው የሚመርቀው» አለች ብዙዬ።

ስለዚህ ሁለቱም እንደ ለመዱት ሲነጋ ሜዳ መውጣታቸውን አልተዉም።

ቀናት አለፉ። ሁለተኛ ጥሪ መጣ፤ አሁን ደግሞ የእስር ቤቱ ቦይ ተደፍኗል፣ ቆሻሻው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ እየተመለሰ ካድሬውን መግቢያ አሳጥቶታል። ያ ቦይ የግራዝማች አሠራር ነው፤ ከሽንት ቤቱ ሥር ተነስቶ በድንጋይ ተከድኖ ቁልቁል ወደ ገደሉ ይወርዳል። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ነው። አሁን ግን ግቢው ሰው በሰው ላይ ሆኗል፣ የሚጠራረጉበት ቢያጡ የገዛ ሸሚዛቸውን እየቀደዱ ነው የሚጥሉበት። ውበቱ ከበታች በኩል ክዳን ድንጋዮቹን አነሳ፣ ረጅም ዘንግ እየሰደደ፣ ጨርቁን በሜንጦ እየጎተተ፣ በደረቱ እየተሳበ ከርብራቡ ሥር ደረሰ። በጨርቁ ላይ ደም ነበረበት። ላለማየት ቢሞክርም አየው።

ከላዩ ኮቴ ሰማ። ሰው ደግፈው አምጥተው አስቀመጡ፣ ደጋፊዎቹ ወጡ። ከዚያ ቀስ ያለ ድምፅ፣ «አባ? አንተ ነህ?»

ውበቱ ወደ ላይ አንጋጠጠ። «አብሽር ልጄ። አለሁ።»

«ዘንጉን ሳይ ጊዜ አንተ ትሆናለህ አልኩ።» ስማቸው ቶሎ ቶሎ ነበር የሚናገረው። «አባ፣ ሜዳ ማን ጋ ነው የምትሄደው ነው የሚሉኝ። እናትህ ናት የነገረችን፣ ሜዳ ወጥቷል ብላናለች ይሉኛል። ልጸዳዳ ነው የወጣሁት ብላቸው ይስቁና መልሰው ይገርፉኛል። እግሬ አልቆም ብሏል። ንገራቸው። አንተ ብትነግራቸው ያምናሉ።»

«ይችን ነው? ይችን ብቻ ነው የሚሉህ?»

«ሌላ ምንም የላቸውም።»

ልጁ በርብራቡ ክፍተት ጣቱን ወደ ታች ሰደደ። ውበቱ እጁን አነሳና መለሰው፤ እስከ ክንዱ ቆሻሻ ነበር፣ የልጁን ጣት በዚያ እጅ መንካት ነውር ሆነበት። ከውጭ ያለው ታጣቂ «ጨርስ!» ብሎ ጮኸ፤ ጣቱም ተሳበ። ለምን አልነካሁትም እያለ ዕድሜ ልኩን ሲያንገበግበው ኖሯል።

ያን ሰዓት ግን ደስታው ነበር የበለጠው። በቃ ይሄ ነው ነገሩ? በአንድ ቃል የሚፈታ ነገር! ሳይታጠብ፣ እንደ ቆሸሸ፣ ካድሬው ቢሮ በር ላይ ተገተረ። ካድሬው መሐረብ አፍንጫው ላይ አደረገ።

«ጓድ፣ በእግዜር! እኛ አገር ሜዳ ወጣ ማለት ሰገራ ወጣ ማለት ነው። ሚስቴ ሌላ አላለችም። የደጋ ሴት ናት፣ የናንተን ሜዳ ከየት ታውቀዋለች?»

ካድሬው መሐረቡን ዝቅ አደረገ። ትዝ ሲለው ነው መሰል ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር። «ሲጨርስ ነዋ…» አለ ለራሱ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ቸኮልን ጠራና «እውነት ነው? እንደዚህ ይባላል?» አለው።

«እ… እንደዚያም ይባላል ጓድ።»

«እስካሁን ምን ዘጋህ ታዲያ!» አለና ወደ ውበቱ ዞረ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ቆይ ግን። አንተ ሽንት ቤት ጠጋኝ አይደለህም? ያንተ ልጅ ምን ሆኖ ነው ሜዳ የሚወጣው?»

«የለንማ ጓድ!» ውበቱ እጁን ዘረጋ። «እኛ ቤት ሽንት ቤት የለም! ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል እኮ! ሄደው ይዩ፤ ከተገኘ አንገቴን ይቁረጡት!»

ካድሬው ልጅ መግደል የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ይህን መካድ አይገባም። ምክንያት ቢያገኝ ሊለቀው ፈልጎ ነበር። «ከሌለማ ልጅህን ይዘህ ትሄዳለህ። ተነስ፣ እንሂድ» አለ። ሊቀ መንበሩን ምናለንም አስጠራው። ምናለ ወዴት እንደሚሄዱና ምን ሊያዩ እንደሆነ ሲሰማ ፊቱ አመድ ሆነ። ሽንት ቤት የሌለው ቤት የለም ብሎ የተመሰገነው እሱ ነውና።

ገበያውን አልፈው፣ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ፣ ውበቱ በደስታ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። አጥሩ ታየው። ከአጥሩ በላይ ያቺ ጥላሸት የጠጣች ክዳን ብቅ ብላ ታየችው። ገና ያልተቀመጡበት፣ ያልተመረቀ ነገር ስለሆነ እንዳለው ጨርሶ ትዝ አላለውም ነበር። ጠዋትም የወጣው ሜዳ ነው እኮ!

«ጓድ!» አለ ዞሮ። «አንድ ነገር ረሳሁ። ልጁ ከተያዘ በኋላ ቆፍረናል። እናቱ ናት… ሲፈታ ብላ ነው…»

ካድሬው ቆመ። «አሁን ነው ትዝ ያለህ?»

«ማርያምን ጓድ! አዲስ ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም!»

ካድሬው ለቸኮል በዓይኑ ምልክት ሰጠ። ውበቱን ቸኮል ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ አስቀረው፤ ምናለ ደግሞ ፈጠን ብሎ ቀድሞ ገባ። ብዙዬ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ካድሬውን ስታይ ምስሩን በትና ተነሳች።

«እትዬ ብዙዬ» አለ ምናለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዷን ቃል እየረገጠ፤ «ጓድ ስለ ሽንት ቤቱ ሊጠይቁሽ ነው የመጡት።»

ብዙዬ ገባት። የገባት መሰላት ልበል እንጂ። ምናለ ቃሉን ያስጠናት ለዚህ ቀን ነው! አሳምራ ከመለሰች እነዚህ ሰዎች ደስ ይላቸዋል፤ ደስ ካላቸው ልጇን ይለቁላታል። እጅ ነስታ ቆመች።

«ሽንት ቤት አላችሁ?» አላት ካድሬው።

«አለን ጌታዬ! ይኸው ከጓሮ።»

«መቼ ነው የተቆፈረው? እውነቱን ንገሪኝ፤ ለልጅሽ የሚበጀው እውነቱ ነው።»

«በዘመቻው ጊዜ ነው የቆፈርነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ውበቱ ከቸኮል እጅ እየተላቀቀ ከአጥሩ ውጭ ጮኸ። «ብዙዬ! ውሸት ነው በያቸው! ከተያዘ በኋላ ነው በያቸው!»

ብዙዬ ባሏን አየችው። ያበደ መሰላት። ፍርሃት አእምሮውን ነስቶት ቤቱን ሁሉ ሊያስጠፋ ነው። ወደ ካድሬው ዞራ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንዲያምናት የወላድ ትልቁን መሐላ ማለች።

«ምን እንደነካው እንጃ ጌታዬ። እኔ እውነቴን ነው። በዘመቻው ጊዜ ነው። ስማቸው ይሙት!»

ካድሬው ወደ ጓሮ አለፈ። በመሐረቡ አፍንጫውን ይዞ ከሩቅ አየው፤ ግንዱ የጠቆረ፣ ክዳኑ ያረጀ፣ አመድ የተነሰነሰበት። ውበቱ ከቸኮል እጅ አምልጦ ገብቶ እግሩ ሥር ወደቀ። «ውስጡን ይዩት! አንድ ጊዜ ብቻ ጎንበስ ብለው ይዩት! ንጹሕ ነው፣ አፈሩ እንኳ አልደረቀም! ሽታ አለው እንዴ? ያሽቱት!»

«ሽንት ቤት ውስጥ ተመልከት ነው የምትለኝ?» አለ ካድሬው። ተጸየፈው። ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ አንድ ጉድጓድ ጠራጊ ሊያሞኘው እንደነበረ ሲያስበው ፊቱ ጠቆረ። ለምናለ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለው። ምናለ መሬት መሬት እያየ «እሷ እንዳለችው ነው ጓድ። በዘመቻው ጊዜ ነው» አለ። ማንም ጎንበስ ብሎ ሳያይ ወጥተው ሄዱ።

ስማቸውን በዚያው ሳምንት ገደሉት። ከሌሎች ጋር ገበያው ዳር አጋድመውት ተገኘ። ማልቀስ ክልክል ነበር። ውበቱ አስከሬኑን ለምኖ ወሰደው፣ በገዛ እጁ አጠበው፤ ይህን ጊዜ እጁን ደጋግሞ በአመድ ፈትጎ ነበር የነካው። ቀባሪም ስላልተገኘ መቃብሩን ራሱ ቆፈረ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ፣ እሳት ሊጭሩ የመጡ መስለው እየገቡ፣ ከብዙዬ ጋር ትንሽ ተቀምጠው ይወጡ ነበር። ብዙዬ አታለቅስም። እነሱ ከሄዱ በኋላ ባሏን አየችው።

«ያን ቀን ለምን ነው የጮህክብኝ?»

ውበቱ ለምን እንደጮኸ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግራት ይችል ነበር። ግን በዓለም ላይ የቀረችለት ሰው ይህች አንዷ ብቻ ናት።

«ፈርቼ ነው» አላት።

«እኔስ አልፈራሁም። ምናለ እንዳስጠናን ነው የመለስኩላቸው፤ አንዲት ቃል አልሳትኩም። አልሳትኩም አይደል?»

«አልሳትሽም።»

«ታዲያ ለምን ገደሉት?»

«እንጃ ብዙዬ» አለ ውበቱ። ከዚያ በኋላም በጠየቀችው ቁጥር እንጃ ይላት ነበር፤ ብዙ ዓመት ነው የጠየቀችው።